ልጄ ስላላነበበቻቸው አርባ አንድ መጻሕፍት

ለክብርት ወይዘሮ ቨርና ብሩባከር
የክሬን ሆሎው የቤት ውስጥ ትምህርት ቤተሰቦች ማኅበር የመጻሕፍት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የዓመታዊው ምዘና ፈራሚ፣ የወርኃዊው ጋዜጣ አዘጋጅ
ፔንሲልቬንያ

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በአጥርዎ ዳር የተከሏቸው ጽጌረዳዎችም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። ጉልበትዎን እንደሚያምዎ ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ በጠረጴዛዎች መካከል እየተመላለሰ ለሰው ልጆች መጽሐፍ የመረጠ ጉልበት ቢደክም አይገርምም። እኛ ደኅና ነን። የልጄ የኦፓል ጉሮሮም ደኅና ነው። ሁልጊዜም ደኅና ነበር፤ የምጽፍልዎም ስለዚሁ ነው።

ደብዳቤዬን ለሁሉ ግልጽ ያደረግሁት ድፍረት ኖሮኝ እንዳይመስልዎ። ውሸቱን የዋሸሁት መቶ ሃያ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ነውና፣ እውነቱን በጓዳ በር መጥቼ ሹክ ብልዎ አሁንም መደበቄ ይሆንብኛል ብዬ ነው። ስለዚህ በጋዜጣዎ ላይ እንዲያትሙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቦታ ከጠበበም በሰኔው እትም የኦፓል ፎቶግራፍ የወጣበት ስፍራ ይበቃኛል።

አዲስ አባላት ላያውቁኝ ይችላሉ። ኤልድን ሃርትዝል እባላለሁ፤ ትራክተር ጠጋኝ ነኝ። ባለቤቴ ማርላ የሆስፒታል ነርስ ስለሆነች ጠዋት ጠዋት የቤታችን አስተማሪ እኔ ነኝ። ያለችን አንዲት ልጅ፣ ኦፓል ናት፤ አሁን አሥር ዓመቷ ነው። ከመንግሥት ትምህርት ቤት ያስወጣኋት በአንደኛ ክፍል ሳለች ነው፤ ምክንያቴም መምህርቷ ወይዘሮ ላንዲስ «ልጅቷ ብልህ ናት፤ ፊደሎቹ ግን እየተምታቱባት ስለሆነ ትመርመር» የሚል ወረቀት ስለላኩብን ነበር። «የኔ ልጅ ምን ሆነችና ነው የምትመረመረው!» ብዬ ወረቀቱን ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። ማርላ «አንተ ኤልድን፣ እስከ መጨረሻው እንኳ አንብበው እንጂ!» ብላኝ ነበር። አላነበብሁትም። እንግዲህ በዚህ ቤት ማንበብ አሻፈረኝ ያለው የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሆነ ልብ ይበሉልኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ። እርስዎ ሥርዓት ስለሚወዱ በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

፩ኛ. ስለ ወፎቹ መጽሐፍ። ባለፈው ዓመት በግንቦቱ የመጻሕፍት ገበያ ላይ ኦፓል በጠረጴዛዎቹ መካከል ስትዞር ቆይታ፣ ጀርባው የተላጠ፣ የአገራችንን ወፎች ከነሥዕላቸው የያዘ አንድ ወፍራም አሮጌ መጽሐፍ አገኘችና ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛው መጣች። ልጄ ወፍ ሳታይ በድምፁ ብቻ ማን እንደሆነ ትነግርዎታለች። እርስዎም ወደ እኛ ብቅ ብለው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ልጄ ኤልድን፣ ይኼ እኮ ሥዕል ማያ ነው። እንዲህ ያለው ለጨዋታ ቤተሰብ ነው። የናንተ ቤት ቁም ነገረኛ ቤት ነው፤ ዓይንህን አይቼ አውቃለሁ» አሉኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። የጥፍሬ ሥር ግራሶ የማይለቀኝን ሰውዬ ቁም ነገረኛ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረምና፣ መጽሐፉን ከልጄ እቅፍ በገዛ እጄ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ መለስሁት። ከዚያም እርስዎ ያመለከቱኝን ሙሉ ካርቶን፣ የዓመቱን ሥርዓተ ትምህርት ከነላቲኑና ከነሮማ ነገሥታቱ፣ ተሸክሜ ወደ መኪናዬ ሄድሁ። ልጅቷን አንዲት መስመር እንኳ ሳያስነብቡ፣ የአባቷን ዓይን ብቻ አይተው ለቤተሰባችን የሚስማማውን ስለመረጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የዓይን ሐኪም እንኳ ሰሌዳ ላይ ፊደል ያሳያል።

፪ኛ. ስለ ሳምንቱ ቅጽ። ካርቶኑ ውስጥ ለየሳምንቱ ሠላሳ ስድስት ባዶ ሳጥኖች ያሉት ቅጽ ነበር፤ አንዱ ሥራ ሲያልቅ አንዱ ሳጥን ራይት ይደረጋል። መስከረም ሳያልቅ ሦስት ሳምንት ወደኋላ ቀረን። ኦፓል ሦስት ሰዓት በሆነ ቁጥር ሆዷን ያማት ጀመር። አንድ ቀን ብፈልጋት ብፈልጋት አጣኋትና የዶሮ ቤቱ ውስጥ፣ ገለባው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «አባዬ፣ ፊደሎቹ አይቆሙልኝም» አለችኝ። እኔም አባት ነኝና «አትስነፊ» አልኋት። ይህችን ቃል ሳስታውስ እስካሁን ምግብ አይወርድልኝም።

በኅዳር ወር ስልክ ደውዬልዎ እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል። ልጅቷ በየቀኑ እያለቀሰች ነው፤ ቀለል ያለ፣ እሷን የሚመስል መጽሐፍ ይኖር ይሆን፤ በዓመቱ አጋማሽ መለወጥስ ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅሁዎ። መልስዎን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ «ኤልድን፣ ካርቶኑ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ጥፋቱ የካርቶኑ ሆኖ አያውቅም፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ የቤተሰቡ ነው። በዓመት አጋማሽ የምትለውጥላት ልጅ ደግሞ ዕድሜዋን በሙሉ ጀምራ ትታ የምትሄድ ትሆናለች»። እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ምክር፣ ያውም በሁለት ደቂቃ፣ ከየት ይገኛል? ስልኩን ዘግቼ ወደ ጠረጴዛው ተመለስሁና ቅጹን በጣም ቀላል በሆነ ዘዴ መሙላት ጀመርሁ።

፫ኛ. ስለ ዘዴው። ዘዴው እንዲህ ነበር። መጽሐፉን እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ኦፓል ዱባ እየላጠች ወይም ድመቷን እያሻሸች ትሰማለች፤ ከዚያ ኦፓል አነበበች ብዬ ራይት አደርጋለሁ። ልጅቷ የሰማችውን አትረሳም። ገጽ ሙሉ አንዴ ካነበብሁላት በማግሥቱ እንዳለ በቃሏ ትወርደዋለች፤ እኔም «ይኸው ገባት!» እያልሁ ራሴን አሞኛለሁ። ቆይቶ ግን ጊዜ ሲያጥረኝ ሳላነብላትም ራይት ማድረግ ለመድሁ። የግዛታችን የቤት ውስጥ ትምህርት ሕግ በየዓመቱ የሚጠይቀው የተነበቡ መጻሕፍት ዝርዝር ሚያዝያ ላይ አርባ አንድ ደረሰ። ከነዚህ መካከል ሦስቱን እኔ ራሴ አልገለጥኋቸውም።

ለምዘናው ወደ ቤታችን በመጡ ዕለት አሥራ አንድ ደቂቃ ቆዩልን። ስምንቱን ደቂቃ ክላሰሬን አደነቁ፤ በቀለም የለየኋቸውን መለያዎች «እንዲህ ነው እንጂ!» እያሉ አንድ በአንድ ዳሰሱ። ቀጥሎ ኦፓልን «ማንበብ ትወጃለሽ፣ የኔ ቆንጆ?» ብለው ጠየቋት። «አዎ፣ ወይዘሮ ቨርና» አለች። ፈረሙ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር፤ አንድ መጽሐፍ ገልጠው ቢሰጧት ጉዴ ሊወጣ ነው እያልሁ እፈራ ነበር፤ ሳይሰጧት ሲቀሩ ደግሞ ተመስገን አልሁ። አባት ሆኜ ልጄ እንዳትጠየቅ ተመስገን አልሁ፣ ክብርት ሆይ። ለዚያች ፊርማ የማመሰግንዎ ከዚህ ሁሉ ኀፍረት ጋር መሆኑን ይወቁልኝ።

፬ኛ. ስለ ምሽቱ ትርኢት። የግንቦቱ ትርኢት ላይ ኦፓል ስለ አንድ ሮማዊ የጦር አዛዥ የተጻፈ ረጅም ግጥም አንድም ሳትሳሳት በቃሏ አለችው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እርስዎም መድረክ ላይ ወጥተው የዓመቱ አንባቢ የሚል የምስክር ወረቀት ሰጧት፤ አርባ አንድ መጻሕፍት ማንበቧንም በድምፅ ማጉያ ተናገሩላት። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እስካሁን እንደዋሸሁ እኖር ነበር። ግን ደስ ብሎዎት ስለነበር በአጠገብዎ የነበረውን መጽሐፍ ገልጠው «በይ እስቲ፣ የመጀመሪያዋን አንቀጽ አንብቢልን» ብለው እጇ ላይ አኖሩላት።

ኦፓል ገጹን አየችው። ቀጥሎም ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ፈልጋ እኔን አየችኝ። ምን ይዋጠኝ! ከተቀመጥሁበት ብድግ ብዬ «ጉሮሮዋን አሟታል!» ብዬ ጮኽሁ። እርስዎም «ውይ የኔ ማር፣ ይኼ የአበባ ብናኝ እኮ ነው» ብለው መጽሐፉን ተቀበሏት፤ ሰዉም አዝኖላት እንደገና አጨበጨበ። ልጄ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ተጨበጨበላት። አንዱ ላደረገችው ነበር፤ አንዱ እኔ ለዋሸሁት።

መኪና ውስጥ «አባዬ፣ ጉሮሮዬን እኮ አላመመኝም» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኋት።

«ታዲያ ለምን እንደዛ አልክ?»

ሬዲዮ ከፈትሁ።

፭ኛ. ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። በእኔ ላይ ነው፤ ሌላ የማቀርብለት ኮሚቴ ስላጣሁ እዚሁ እጨምረዋለሁ። በማግሥቱ ጠዋት ኦፓል የእናቷን የክረምት የሱፍ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ወደ ቁርስ መጣች። ግንቦት ነው፤ ሙቀቱ መስኮት ያስከፍታል። ማርላ «ምን ሆነሻል?» ስትላት በሹክሹክታ «ሰው ቢመጣስ?» አለች። የአባቷ ቃል ውሸት ሆኖ እንዳይገኝ ልጅቷ ዘጠኝ ቀን ያንን ሻርፕ አላወለቀችም። አንገቷ በላብ ተቆጥቶ ቀልቶ ነበር። ጎረቤት ሲመጣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሲሄድ ወደ እኔ ዞራ ጎበዝ ነኝ ወይ በሚል ዓይን ታየኛለች። አንጀቴን በላችው፤ ግን አውልቂው የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ካለ እኔ ማን ያስወልቃት?

በሦስተኛው ቀን እርስዎ ለጉሮሮዋ ይሆናት ብለው አንድ ድስት የዶሮና የበቆሎ ሾርባ ላኩልን። በጣም ይጣፍጥ ነበር። ኦፓል ላመጣው ሰው በሹክሹክታ አመሰገነች። እኔ ሁለት ሳህን በላሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር፤ ግን በላሁ። ድስቱን አጥበን በረንዳዎ ላይ አስቀምጠንልዎታል።

የባሰው ገና ነው። ትርኢቱ በተደረገ በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ የዘንድሮው የመጻሕፍት ገበያ ዋለ። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሄድሁ። አረንጓዴ ቦት ጫማ ያደረገች፣ መንታ ሴቶች ልጆች የያዘች አንዲት ወጣት እናት ወደ እኔ መጥታ «የዓመቱ አንባቢ አባት እርስዎ ነዎት አይደል? ይኼ ካርቶን ለኔ ልጆች ይሆናል? አንዷ ትንሽ ትቸገራለች» አለችኝ። ምን ልመልስላት ነበር የሚገባኝ? የልጄ ጉሮሮ እንዳልታመመ ነበር መንገር። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ፣ በእርስዎ ድምፅ፣ «ጥፋቱ የካርቶኑ ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የቤተሰቡ ነው» አልኋት። ሴትዮዋ ካርቶኑን ተሸክማ ሄደች።

ኦፓል ሻርፗን እንዳደረገች አጠገቤ ቆማ ነበር። ወለል ወለሉን እያየች፣ ማንም ሊሰማን በማይችልበት እንኳ ሹክሹክታዋን ሳትተው፣ «ቤተሰቡ ስትል እኔን ነው አይደል፣ አባዬ?» አለችኝ።

እጇን ይዤ ወጣሁ። መኪናው አጠገብ ተንበርክኬ ሻርፑን ከአንገቷ ፈታሁና አለቀስሁ፤ የአካባቢው ባለትራክተር ሁሉ እያየኝ። «አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኋት። ከዚያ ወደ ማርላ ደወልሁና ሁሉንም፣ ከምድጃው ወረቀት ጀምሬ፣ ነገርኋት። ማርላም «አሁኑኑ ወደ ወይዘሮ ላንዲስ ቤት ሂድ» አለችኝ። ሄድሁ። መምህርቷ ጡረታ ወጥተው ቲማቲማቸውን ሲያጠጡ አገኘኋቸው። አንገቴን ደፍቼ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የላኩልኝን ወረቀት እንዳቃጠልሁባቸው ተናዘዝሁ። የውኃውን ቧንቧ ዘጉና «ቅጂው እኔ ጋ አለ። ግቡ» አሉን። አንድም የወቀሳ ቃል አልጨመሩም፤ ቢጨምሩ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ኦፓል ተመርምራለች። ስንፍና አይደለም፤ ስም ያለው፣ መላ ያለው ነገር ነው። ከሰኔ ጀምሮ ወይዘሮ ላንዲስ ከእንጨት በተቆረጡ ፊደሎች፣ እየዳሰሰች፣ አንድ በአንድ ያስተምሯታል። ለመጪው ዓመት መጽሐፍ የምትመርጠው ኦፓል ራሷ ናት፤ ደንባችንም አንድ ነው፤ መጀመሪያ እሷ ትገልጠዋለች፣ አንዲት መስመር ትሞክራለች፣ ቀጥሎ እኛ እንነጋገራለን። ማርላ የወፎቹን መጽሐፍ ከሌላ ከተማ ፈልጋ አገኘችላት። በቀን አንዲት ወፍ ታነባለች፤ ስሙ ረጅም የሆነ ወፍ ሲያጋጥማት ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ማንም አይቸኩልም። ካርቶንዎ ውስጥ የነበሩትን መጻሕፍት አልጣልኋቸውም፤ የሚስማሙት ልጅ የት እንዳለ አይታወቅም። ባዶውን ካርቶን ግን ጋራዥ ውስጥ የዘይት ማጣሪያ አስቀምጥበታለሁ። እውነትዎን ነው፣ ካርቶኑ ጠንካራ ነው።

እንግዲህ የምለምንዎ ነገር ጥቂት ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ የላክሁትን የምስክር ወረቀት ይቀበሉኝ። ክላሰሬን በድጋሚ ሊያዩት ከፈለጉ በሬ ክፍት ነው፤ የውሸት ገጾቹን በቀይ መለያ ለይቻቸዋለሁ፤ ቀለም እንደሚወዱ አውቃለሁ። ከሁሉም በላይ ግን አረንጓዴ ቦት ጫማ ያደረገችውን ያቺን እናት ፈልገው ያግኙልኝ። ስሟን አልጠየቅኋትም፤ የአባላቱ መዝገብ ያለው እርስዎ ጋ ነው። ልጇን ከመስከረም በፊት አንድ ሰው ገጽ ገልጦ እንዲጠይቃት ይንገሩልኝ። መንገሩ ካስቸገረዎ አድራሻዋን ይስጡኝ፤ እኔ ሄጄ በሯ ላይ ቆሜ የዋሸኋትን እነግራታለሁ። ይህን ሁሉ ወር እንቅልፍ የነሳኝ እርስዎ አይደሉም፤ የእሷ ልጅ ናት።

በመጻሕፍት ምርጫ ላይ ያለዎት ሥልጣን እንዳለ ይክረም፤ ጉልበትዎ ይበርታ፤ ጽጌረዳዎችዎ ይፍኩ። እኔ ግን ለሃያ ዓመት አገልግሎትዎ ባለኝ የማይናወጥ አክብሮት፣ ከኀፍረት መቅላቱን ባልተወ ፊት፣ የአንዲት ጎበዝ ልጅ ሰነፍ አባት በመሆን እጅ እነሣለሁ።

ኤልድን ሃርትዝል
የትራክተር ጠጋኝ፣ ክሬን ሆሎው

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ኦፓል እንድታነበው ሰጠኋት። ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። ረጃጅሞቹን ቃላት ማርላ ከፋፍላ ጽፋላታለች፤ የቀረውን ግን ከላይ እስከ ታች በገዛ ዓይኗ፣ በገዛ ድምጿ አነበበችው፤ ሻርፑ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ አንገቷን ዳበሰችና ቀጠለች። ስለ እርስዎ የጻፍሁትን አንድ ክፉ አረፍተ ነገር አስወጥታኛለች፤ ስለዚህ የጎደለ ነገር ቢመስልዎ ልጄን ያመስግኑ። በመዝገብዎ ላይ አርባ አንዱን መጻሕፍት ሰርዘው በምትካቸው አንድ እንዲጽፉላት እጠይቃለሁ፤ ይህን ደብዳቤ።

በመስከረም ስብሰባ ላይ እርስዎም መድረክ ወጥተው ለሕዝቡ ጮክ ብለው ቢያነቡት ደስታችን ወደር የለውም። ምናልባት ያን ዕለት ድምፅዎ እምቢ ካለ ግን ምንም አይጨነቁ፤ ሻርፑ ታጥቦ ተቀምጦልዎታል።